ከጠበሉ አጥር ውጪ ያለችው ጎጆ

ሰኞ፣ ኅዳር 14 ቀን 1963 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት አካባቢ፣ አሰላ ውስጥ በማስተምርበት የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ በሦስተኛ ክፍል ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ሳለ ወደቅኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የማውቀው ከሌሎች ሰምቼ ነው። ልጆቹ እንደነገሩኝ መጀመሪያ ጠመኔው ከእጄ ወደቀ፤ ቀጥሎ እኔ። ልጆቹ እየጮሁ ወጡ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ገብቶ ክብሪት እየጫረ አፍንጫዬ ሥር ያዘልኝ። የሚጥል በሽታ የያዘውን ሰው የክብሪት ጭስ ያነቃዋል ስለሚባል ነው። የላይኛው ከንፈሬ ተቃጥሎ ብዙ ሰነበተ። ሌሎቹ መምህራን በሩ ላይ ቆመው ያዩ ነበር። አረፋው የነካው ሰው ይጋባበታል ስለሚባል ከዘበኛው በቀር የቀረበኝ አልነበረም።

ስነቃ መጀመሪያ ያየሁት ቀሚሴን ነው። የወር አበባዬ መጥቶ ነበር። ስንፈራገጥ የታጠቅኩት ጨርቅ ከቦታው ተንሸራቶ፣ ቀሚሴ በደምም በሽንትም ርሶ ነበር። በመስኮቱ በኩል የሦስተኛ ክፍል ልጆች ተደርድረው ያያሉ። አንዷ "እትዬ ተወግተዋል!" ብላ ስታለቅስ ሰማሁ። ይህን ሳልሰማ ብቀር ደስ ባለኝ።

በኋላ ዘመኔ ጋዜጠኛ ሆኜ ስለ ብዙ ሰው ሕመም ጽፌአለሁ። የራሴን የምጽፈው አሁን ነው። የሚጥል በሽታ ያለባት፣ ሕመሟም በወር አበባዋ ሰሞን የሚብስባት ሴት ካነበበችው ከእኔ አንድ ዓመት ተኩል ታተርፋለች። እኔ ያን ያህል ጊዜ የፈጀብኝ ሁለቱ ነገሮች አንድ ላይ እንደሚሄዱ እስካውቅ ድረስ ነው።

መጀመሪያ የወደቅኩት በ1961 ነሐሴ፣ ክረምቱን ለማሳለፍ እናቴ ዘንድ ጎበሳ ሄጄ ሳለ ነው። የወር አበባ ጨርቄን ለማጠብ በቀትር ወደ ወንዝ ወርጄ ነበር። ሌላ ሰው በሌለበት ሰዓት መሄዴ ነው። ድንጋዩ ላይ ተንበርክኬ ጨርቁን ሳሽ የተቃጠለ ጸጉር ሸተተኝ። ዞር ብዬ እሳት ፈለግኩ። ግራ እጄ በራሱ ጊዜ ዘለለ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ሁለት ልጃገረዶች ከውኃው ዳር ሲጎትቱኝ ነው።

እናቴ ወይዘሮ አስካለ ነገሩን እንደሰማች ራሷን ይዛ ተቀመጠች።

"በደምሽ፣ በቀትር፣ ወንዝ ትወርጃለሽ? መምህር ነኝ ትያለሽ ደግሞ! ለከፈሻ!"

"ማን ለከፈኝ፣ እማዬ?"

"ስሙን አልጠራውም። በቤቴ አልጠራውም።"

በአገራችን የወር አበባዋን የምታይ ሴት በቀትር ውኃ ዳር አትሄድም፤ ከሄደች ያድርባታል ይባላል። እናቴ ሕመሜን ከደሜ ጋር ያያያዘችው ከሐኪሞቹ ሁሉ ቀድማ ነው። ጥፋተኛ ያደረገችው ግን ወንዙን ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንዝ ከለከለችኝ፤ እኔም አልወረድኩም። መውደቁ ግን ቀጠለ።

ጎበሳ የነበረው ድሬሰር፣ ማለት የሐኪም ረዳት፣ ሆዴን ጫን ጫን አድርጎ "ወስፋት ነው፤ ጭንቅላት ላይ ይወጣል" አለና የሚያስቀምጥ መድኃኒት ሰጠኝ። አሰላ ያለ ሌላ ክሊኒክ "ደም ማነስ ነው" ብሎ መርፌ አዘዘ፤ መርፌውን ጨረስኩ፣ ወደቅኩ። ሦስተኛው ዕድሜዬን ጠይቆ፣ እጮኛ እንዳለኝ ጠይቆ፣ "የልጃገረድ ነርቭ ነው። ስታገባ ይተዋታል" አለ። እናቴ አብራኝ ነበረች።

"ታዲያ ባሉንም ጻፍላታ፣ ልጄ" አለችው። "ከየትኛው መድኃኒት ቤት ነው የምንገዛው?"

አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሕዝብ ሁሉ ሳቀ። የዚያን ዘመን ክሊኒክ እንዲህ ነበር። በሩ ክፍት ነው፤ ተራ የሚጠብቀው ሰው በሩ ላይ ቆሞ የአንቺን ሕመም ይሰማል፣ አስተያየትም ይሰጣል። "መቼ መቼ ነው የሚጥልሽ?" ብሎ የጠየቀኝ ነበር። "በወር አንዴ፣ አንዳንዴም ሁለት ሦስቴ" ብዬ መለስኩ። በወሩ ውስጥ በየትኛው ሰሞን እንደሆነ የጠየቀኝ አልነበረም። ቢጠይቀኝም በዚያ በር ላይ አልናገረውም ነበር።

አሰላ የተከራየሁት ክፍል የአዴ ሩቂያ ግቢ ውስጥ ነው። አዴ በኦሮምኛ ለትልቅ ሴት የክብር መጠሪያ ነው፤ እሳቸው ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቅቤ የሚነግዱ የአርሲ ሴት ናቸው። የክፍሌ ግድግዳ ከበጋ እስከ ክረምት ቀዝቃዛ ነው። የወር አበባ ጨርቄን ከድሮ አቡጀዲ እቀድዳለሁ፤ ሰው ሳይነሳ አጥቤ፣ ፀሐይ ላይ ማስጣት ነውር ስለሆነ፣ ክፍሌ ውስጥ ሌላ ልብስ ሥር ደብቄ አሰጣዋለሁ። የአሰላ ብርድ ጨርቅ አያደርቅም። ብዙ ጊዜ እርጥቡን ታጥቄ ነው ክፍል የምገባው። ጨርቁን ወገቤ ላይ በገመድ አስረዋለሁ፤ ለሚቆም ሰው ይበቃል። ለሚወድቅ ሰው አይበቃም። ሰው ሁሉ የሚጥል በሽታ ሲባል የሚያስበው አረፋውን ነው። እኔን ከአረፋው ይልቅ ያስጨነቀኝ ራሴን ባላወቅኩበት ሰዓት ቀሚሴ እንዴት እንደሚሆን ነበር።

የኅዳሩ ቀን ቤት ያደረሱኝ አዴ ሩቂያ ናቸው። ሰው ተልኮባቸው መጥተው፣ ከራሳቸው ላይ ጥቁር ሻሻቸውን አውርደው ወገቤ ላይ አሰሩልኝና ክንዴን ይዘው በዋናው መንገድ አሳለፉኝ። ቤት እንደገባን ልብሴን አወለቁ፤ ጨርቁን አንስተው ሊያጥቡ ሄዱ።

"አዴ፣ ተዉት! እኔ አጥበዋለሁ። እርስዎ ይሰግዳሉ፤ ይረክስብዎታል።"

"ኢንታላ ኮ" አሉኝ፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው። "ክርስቲያን ብትሆኚም ደምሽ ያው ቀይ ነው። ሳሙና ደግሞ ሃይማኖት የለውም። ተኚ።"

በማግስቱ ዲሬክተሩ አቶ ታደሰ አስጠሩኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ወንበሩን ራሳቸው ስበው አስቀመጡኝ።

"ዘነበች፣ ወላጆች መጥተው ነበር። ልጆቻችንን እናስወጣለን ይላሉ። ይጋባል ብለው ነው።"

"አይጋባም፣ አቶ ታደሰ።"

"እኔ አውቃለሁ። ወላጆቹ አያውቁም። እስከ ፋሲካ ቦታሽን ልያዝልሽ፤ ታከሚ። ከፋሲካ በኋላ ተመልሰሽ ትሞክሪዋለሽ። ልጆች ፊት አንድ ጊዜ ከደገመሽ ግን ለጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ከመጻፍ ሌላ ማድረግ የምችለው የለም።"

ካልዳንኩ ጎበሳ እመለሳለሁ። እዚያ የሚጥላት ሴት እንዴት እንደምትኖር አውቅ ነበር። ጓዳ ውስጥ ትቀመጣለች፤ እንግዳ ሲመጣ በሩ ይዘጋባታል፤ የምትበላበት ሳህን ለብቻው ነው። ከእኛ ቤት ማዶ እንዲህ የኖረች ሴት ነበረች። በልጅነቴ ድምፅዋን እንጂ ፊቷን አይቼ አላውቅም።

ወደ ትልቁ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ዶክተሩ የውጭ አገር ሰው ነው፤ አማርኛ አያውቅም። የሚያስተረጉምለት አቶ ለገሠ የሚባል ድሬሰር ነበር። የአቶ ለገሠን ልጅ የማስተምራት እኔ ነኝ፤ በመስኮቱ ካዩኝ ልጆች አንዷ እሷ ናት። ዶክተሩ ብዙ ጠየቀኝ፤ አቶ ለገሠ ወለሉን እያየ አስተረጎመ። ስለ ሽታው፣ ስለሚዘለው እጄ ተናገርኩ። ስለ ቀሚሴ ምንም አላልኩም። ዶክተሩ የሚጥል በሽታ መሆኑን ነገረኝ። አንጎል ውስጥ ያለ የኤሌክትሪክ መዛባት እንጂ ልክፍት አይደለም አለ። ሉሚናል የሚባል፣ አንጎልን የሚያረጋጋ ነጭ እንክብል በየማታው እንድወስድ አዘዘ።

ሉሚናል አፈዘዘኝ። ቀን ቀን ስሄድ ጭጋግ ውስጥ የምራመድ ይመስለኝ ነበር። መውደቁን ግን ቀነሰው፤ በወር ሁለት ሦስቴ ይጥለኝ የነበረው አንዴ ብቻ ሆነ። በታኅሣሥ አንድ ጊዜ፣ በጥር አንድ ጊዜ። ሁለቱንም ያገኙኝ አዴ ሩቂያ ናቸው። በጥር ስወድቅ ግንባሬ ምድጃው ጠርዝ ላይ አርፎ ነበር። ማታ ማታ አልጋዬን ከግድግዳው አስጠግቼ፣ በሩን ሳልቀረቅር፣ "ዛሬ ይሆን?" እያልኩ እተኛለሁ። እንቅልፉ የመድኃኒቱ እንጂ የእኔ አልነበረም። ፋሲካ እየቀረበ ነው፤ እኔም እየወደቅኩ ነው።

በጥር መጨረሻ እናቴ ከጎበሳ መጣች። ግንባሬ ላይ ያለውን ቁስል በጣቷ ዳሰሰችው። ጓዜን መጠቅለል ጀመረች።

"ወዴት ነው?"

"ጠበል። ከጮሌ ማዶ ያለው። ሐኪሙን አየነው እንግዲህ።"

ሄድኩ። ማንም አላስገደደኝም፤ ሌላ መንገድ አልታየኝም።

ቦታው ደጋ ነው። ጠዋት ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ይሆናል፤ ውኃው ራስ ላይ ሲያርፍ ትንፋሽ ያስጥላል። የጠበሉ አባት ደግ ሽማግሌ ነበሩ። መድኃኒት ተዪ አላሉኝም፤ ይህን ማረጋገጥ እወዳለሁ። የከለከልነው እኛው፣ ጠበልተኞቹ ነን። ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ እምነት ማጉደል ነው፣ ጠበሉም ይቀየማል ብለን እርስ በርስ ተናግረን ነበር። እናቴ የሉሚናሉን ጠርሙስ ከእጄ ወስዳ ወጣች፤ ተመልሳ "ጥዬዋለሁ" አለችኝ።

በግቢው ውስጥ አልወደቅኩም። ጭጋጉም ለቀቀኝ፤ እንደ ድሮዬ መሳቅ ጀመርኩ። ጠበልተኛው "ዳነች" አለ። እናቴ እልል አለች። እኔም ዳንኩ ብዬ አመንኩ፤ ከፋሲካ በኋላ ክፍል ስገባ የምለብሰውን ቀሚስ ሳይቀር አሰብኩ።

የካቲት አጋማሽ ላይ የወር አበባዬ መጣ።

ሥርዓቱ የታወቀ ነው። ደም ያየች ሴት ቤተ ክርስቲያን አትገባም፣ ጠበል አትጠመቅም። ደሟ ደርቆ እስክትነጻ ድረስ ከአጥሩ ውጪ ባለች ጎጆ ትቆያለች። ጎጆዋ ጠባብ፣ ጣሪያዋ ጥላሸት የለበሰ፣ መሐሏ ላይ ምድጃ ያለባት ነበረች። ገብቼ ያገኘሁት ብርቄ የምትባል ልጅ ናት። አሥራ ስምንት ዓመት ይሆናታል፤ ከአጎቷ ጋር ከጮሌ ገጠር የመጣች ናት። ክንዷ ላይ ከክርኗ እስከ መዳፏ የተጨማደደ የቃጠሎ ጠባሳ ነበር። ጠባሳውን ሳይ አየችኝ።

"ይሄ ማኅተሜ ነው" አለች እየሳቀች። "እሳት ላይ ስወድቅ የታተመብኝ። አንቺስ፣ ገና አልተመዘገብሽም?"

ግንባሬን አሳየኋት።

"ቆንጆ ቦታ ነው የመረጠልሽ።"

እዚያ ጎጆ ውስጥ በሁለተኛው ቀን እኔ ወደቅኩ። በዚያው ሰሞን ብርቄም ወደቀች። ይዣት ነበር፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕመሜን ከውጭ ሆኜ አየሁት። እሳቱን በእግሬ በትኜ በጎኗ አስተኛኋት። ስታበቃ ጨርቋን ቀየርኩላት። እሷም ለእኔ ያደረገችው ይህንኑ ነበር። ከማላውቃት ሴት እጅ ያገኘሁት ይህ ምሕረት ከዚያ ወር ሁሉ የማስታውሰው ጥሩ ነገር ነው።

ጠበልተኛው ግን ነገሩን በራሱ መንገድ ተረዳው። "አያችሁ? ግቢው ውስጥ እያለች ደህና ነበረች። ከአጥሩ እንደወጣች ያዛት። ከቅዱሱ ቦታ መራቅ የለባትም" አለ። እናቴም ይህንን ይዛ ቆይታችንን አራዘመች። ብርቄ እዚያ የከረመችው ለዚሁ ነው። በየወሩ ትድናለች፣ በየወሩ ከአጥር ትወጣለች፣ ትወድቃለች፣ እንደገና ትጀምራለች።

በመጋቢት እንደገና ጎጆዋ ውስጥ ተገናኘን። ብርቄ ጨርቋን ከዝናብ መከላከያ ገሳዋ ሥር እያሰጣች፣

"ሰይጣኑ እኮ መኖሪያው እዚህ ጎጆ ነው" አለች። "ግቢውን ፈርቶ እዚህ ይጠብቀናል። ቤቱ ከሆነማ ጣሪያውን ይክደንልን፤ ያፈሳል።"

ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄ ቆመ። አሰላ የአዴ ሩቂያ ግቢ ውስጥ ይህች ጎጆ የለችም። ትምህርት ቤቱም፣ የጎበሳ ወንዝም እዚህ አይደሉም። በሁሉም ቦታ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደሜ። ወደዚች ጎጆ የምንመጣው ደም ስናይ ብቻ ነው፤ ጠበሉ ግቢ ውስጥ የምንቆየው ደግሞ ደም በሌለን ሰሞን ብቻ ነው። ሥርዓቱ ራሱ ወሩን ለሁለት ከፍሎ፣ ደህናውን ከአጥሩ ውስጥ፣ ክፉውን ከአጥሩ ውጪ አስቀምጦልናል። እኛ ያየነው አጥሩን ነው።

"ብርቄ፣ የሚጥልሽ ሁልጊዜ በወር አበባሽ ነው?"

የጨርቁን ጫፍ አስተካከለች።

"ከመምጣቱ በፊትም አንዳንዴ። አንድ ቀን ሲቀረው።"

"ሌላ ጊዜስ?"

"ሌላ ጊዜ አጎቴ 'ዳንሽ' ይለኛል።"

እናቴ ከአጥሩ ማዶ ምግብ ልታቀብለኝ ስትመጣ ነገርኳት። "እማዬ፣ ቦታው አይደለም፤ ደሙ ነው። በዚህ ሰሞን ሕመሙ ይበረታል። መድኃኒቱ ያስፈልገኛል፤ የት ነው የጣልሽው?"

"ገደል።"

"የትኛው ገደል?"

"ዘኒ፣ እባክሽ፣ አታስክጂኝ" አለችና ሳህኑን አስቀምጣ ሄደች።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ጀመረኝ። ይህንንም የማውቀው ከብርቄና ከእናቴ ነው። አንዱ ሳያበቃ ሌላው ይከተላል፤ መሐል ላይ አልነቃም። ብርቄ ወጥታ ጮኸች። ያን ጊዜ እናቴ በአጥሩ በር ወጥታ ጎጆዋ ውስጥ ገባች። ወደዚያች ጎጆ የገባ ሰው በዚያ ቀን ቤተ ክርስቲያን አይገባም ነበር፤ ጾሙ ሁዳዴ ነው፣ እናቴም ቅዳሴ ያስታጎለችበትን ቀን አላውቅም። ራሴን ጭኗ ላይ አድርጋ ያዘችኝ። አረፋውን በነጠላዋ ጠረገች። "እመቤቴን አንሺያት ብዬ ለመንኳት" አለችኝ በኋላ፤ ከወደቅኩበት ይሁን ከዚህ ዓለም አልጠየቅኳትም።

ሲመሽ ነቃሁ። መናገር አልቻልኩም። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ እየፈታች ነበር። ከቋጠሮው ውስጥ ነጭ እንክብሎች ወጡ። ጠርሙሱን ጥላ መድኃኒቱን ይዛው ኖሯል፤ ያን ሁሉ ጊዜ፣ ቅዳሴም ስታስቀድስ። በእጇ የነበረው ውኃ ጠበል ብቻ ነው። በጠበሉ ዋጥኩት።

ከቀሩት እንክብሎች ለብርቄ ልሰጣት ፈለግኩ። አጎቷ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

"አመሰግናለሁ፣ እህቴ። እኛ ጀምረናል፤ እንጨርሳለን።"

ብርቄ ከኋላው ሆና በጠባሳው እጇ አውለበለበችልኝ። በቃሬዛ ተሸክመውኝ እስከ መኪና መንገድ ወረድን። ከዚያ ስንዴ በጫነ መኪና ላይ፣ ኩንታሎቹ መሐል ተኝቼ አሰላ ገባሁ።

ሐኪም ቤቱ ስደርስ ያው ዶክተር፣ ያው አስተርጓሚ ነበሩ። በሩ ላይ ሰዎች ነበሩ። እናቴን አየኋት፤ የነጠላዋ ጫፍ አሁንም እንደተጨማደደ ነው።

"የሚጥለኝ በወር አበባዬ ጊዜ ነው" አልኩ።

አቶ ለገሠ ቀና ብሎ መስኮቱን አየ። ከዚያ ለዶክተሩ ተናገረ። እኔ ከመምህራን ማሠልጠኛ የወጣሁ ነኝ፤ እንግሊዝኛ ብፈራም እሰማለሁ። አቶ ለገሠ ያለው "በየወሩ ይይዘኛል ትላለች" ነው። ዶክተሩ ራሱን ነቀነቀ፤ ይህንን ድሮም ያውቀዋል። ያንኑ ማዘዣ ሊደግም ብዕሩን አነሳ።

ብዕሩን ሲያነሳ ፋሲካ ታየኝ፤ የጎበሳው ጓዳም ታየኝ። በራሴ አፍ፣ በዚያ ክፍት በር ፊት፣ በእንግሊዝኛ ነገርኩት። ቃሉን አውቀው ነበር፤ ጮክ ብዬ ያልኩት ግን ያን ቀን ነው። ዶክተሩ ብዕሩን አስቀመጠ። ተነስቶ በሩን ዘጋ።

የነገረኝ ባጭሩ ይህ ነው። አንዳንድ ሴቶች ላይ ከወር አበባ ጋር በሰውነት የሚለዋወጠው ነገር ሕመሙን ያነሳሳዋል። በሌላው ቀን የሚበቃው መጠን በዚያ ሰሞን አይበቃም። ስለዚህ ሊመጣ ሲል ጀምሬ እስኪደርቅ ድረስ እሱ በወሰነው መጠን ጨምሬ እንድወስድ፣ ከዚያ ወደ ወትሮው እንድመለስ አዘዘ። መድኃኒቱን ባንድ ጊዜ ማቋረጥ ግን ጎጆዋ ውስጥ እንደሆነው እንደሚያደርግ፣ ሁለተኛ ጊዜ ላልነቃ እንደምችል ነገረኝ። ይህንን ለአንባቢዬም እደግመዋለሁ፤ ጠበሉንም ውሰጂ፣ እንክብሉንም አትጣይ። የወደቀን ሰው በጎኑ አስተኙት፣ እሳትና ድንጋይ አርቁለት፤ ክብሪት አትጫሩበት፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ። ሴት ከሆነች ልብሷን ሸፍኑላት።

ስንወጣ አቶ ለገሠ በኮሪደሩ ተከተለኝ።

"መምህርት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቃሉ አልወጣልኝም። ሚስቴ እንኳ ለእኔ አትናገረውም።"

"እኔም እስከ ዛሬ አልተናገርኩትም፣ አቶ ለገሠ።"

በፋሲካ ሰሞን ጠበል የነበረች አንዲት ሴት አሰላ መጥታ እናቴን አገኘቻት። ብርቄ በዚያችው ጎጆ ውስጥ ብቻዋን ሳለች ምድጃው ላይ ወድቃ ሞታለች። ከሌላ ሁለት ሰው ጠይቄ አረጋገጥኩ። አብራት የነበረ ሰው አልነበረም፤ ደም ያየች ሌላ ሴት በዚያ ሰሞን አልነበረችም።

ያን ሳምንት አልጋዬ ላይ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ሰነበትኩ። መድኃኒቱን የምወስደው እናቴ እጄ ላይ ስለምታስቀምጠው ብቻ ነበር።

ሕመሙ ዛሬም አለብኝ፤ ይህን ሳልናገር ብቀር አንባቢዬን አታልላለሁ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ወድቄአለሁ፤ ቤቴ ውስጥ፣ አንድ ጊዜም አውቶቡስ ውስጥ። ድሮ በየወሩ የነበረው ግን አልፎ አልፎ ሆነ።

አቶ ታደሰ ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ ሰኞ፣ ሚያዝያ 18 ቀን እንድጀምር ቀጠሩኝ። በዋዜማው፣ እሑድ ማታ፣ የወር አበባዬ መጣ።

"ታመመች ብዬ ልሂድላቸው" አለች እናቴ።

"ከቀረሁ ሌላ መምህር ይመጣል።"

"ከወደቅሽስ?"

መድኃኒቱን በታዘዘው መጠን ወሰድኩ። አዴ ሩቂያ ጠዋት ሦስት ጨርቅ ምድጃ ዳር አድርቀው፣ ሙቁን አመጡልኝ። ገመዱን ትተው ጠበቅ ያለ መታጠቂያ ሰፍተውልኝ ነበር። ከላይ ጥቁር ቀሚስ ለበስኩ። ስወጣ የቅቤ ቅላቸውን ይዘው አብረውኝ ወጡ።

"አዴ፣ ዛሬ እኮ የገበያ ቀን አይደለም።"

"ለአንቺ ማን ነገረሽ? እኔ ቅቤዬን የምሸጠው በፈለግኩበት ቀን ነው። ትምህርት ቤት በር ላይ ጥሩ ገዢ አለ።"

በሩ ላይ ተቀመጡ። ጥቁሩ ሻሻቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር።

ክፍል ገባሁ። ልጆቹ ቆሙ። ከኅዳር ጀምሮ የወጡ አምስት ልጆች ነበሩ፤ የአቶ ለገሠ ልጅ በቦታዋ ነበረች። ስም ጠራሁ። ሰሌዳው ላይ ቀኑን ጻፍኩ። አራት ሰዓት ላይ የተቃጠለ ጸጉር ሸተተኝ። ጠመኔውን አስቀመጥኩ። ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ፤ ግራ እጄን በቀኝ እጄ ያዝኩት። ልጆቹ መጽሐፋቸውን እንዲያወጡ፣ ከፊት ወንበር ጀምረው ተራ በተራ ጮክ ብለው እንዲያነቡ ነገርኳቸው። የመጀመሪያዋ አነበበች። ሁለተኛው አነበበ። እጄ አንድ ጊዜ ዘለለ። ሦስተኛዋ የአቶ ለገሠ ልጅ ነበረች፤ አንድ መስመር ዘልላ አነበበች።

"ተመለሺ፣ አንድ መስመር ዘለልሽ" አልኳት።

ተመልሳ አነበበች፤ ሽታውም ጠፋ። ስድስት ሰዓት ላይ ደወል ተደወለ። ልጆቹ ወጡ። ሰሌዳውን ጠርጌ፣ በሩን ዘግቼ ወጣሁ።